ሟርተኛዋ እና የቅዳሜው ደመና

ሟርተኛ ነኝ። ስሙን ያወጡልኝ የበረራ ክለባችን ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ከጀርባዬ ይንሾካሾኩት ነበር፤ ኋላ ፊት ለፊት ይጠሩኝ ጀመር፤ እኔም «አቤት» አልኩ። «ሟርተኛ፣ የቢጫዋ አውሮፕላን ካንዴላ የጠቆረ ይመስለኛል፣ እስቲ እያት» ሲሉኝ ቁልፌን ይዤ ከች እላለሁ። መካኒክ ነኝ። እጄ በግራሶ ተለውሶ ስለ ስም የምነታረክበት ጊዜ የለኝም።

አውሮፕላን ሲባል ትልቁን እንዳታስቡ። የእኛዎቹ ክንፋቸው ሸራ፣ አጥንታቸው የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው። ከወንበሩ ኋላ የሞተር ብስክሌት ሞተር የምታህል ነገር ትንጫጫለች። በር የለ፣ መስኮት የለ፣ ጣሪያ የለ፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ፊቱን ነፋስ እየመታው ይበራል። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መጋዘን ይመልሷታል። እንግዲህ ሁለት ጎረምሳ የሚያነሳትን ነገር የተቆጣ ነፋስ ምን እንደሚያደርጋት አስቡት።

እኛ ዘንድ ግን ይህ አይወራም። በክለባችን ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ፦ ሊበር የተዘጋጀ ሰው አጠገብ ክፉ አይነሳም። ስለ ዝናብ አይወራም፣ ስለ ነፋስ አይወራም፣ ስለ ወደቀ ሰው ጭራሽ! አብራሪው ሰማዩን ራሱ አይቶ ራሱ ይወስናል፤ ሌላው አፉን ከከፈተ አደጋውን በስሙ ጠራው ማለት ነው። ስለዚህ ደመናው ተራራ አክሎ፣ ሆዱ ጠቁሮ እያዩት «ዛሬ ቀኑ እንዴት ያምራል!» ይባባላሉ። አንድ አባላችን ሚስቱ ደውላ «እዚህ ዶፍ እየወረደ ነው» ስላለችው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቶ ስንት ቀን አኩርፏት ከረመ። ጥፋቷ ዝናቡን ማየቷ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት ጋሼን የቀማን ይህ ሕግ ነው። ጋሼ የምንላቸው አስተማሪያችንን ነው፤ እኔንም ታናሽ ወንድሜንም መብረር ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ። ረጋ ያሉ፣ የተማሪያቸውን ስህተት በሳቅ የሚያርሙ ሰው ነበሩ። የዚያን ቀን ከሜዳችን ባሻገር ካለው ኮረብታ ጀርባ ደመና ተነስቶ እያየሁት ሽቅብ ይፈላ ጀመር፣ እሳቱ እንዳልተቀነሰለት ወተት። የእንዲህ ዓይነቱ ደመና ተንኮሉ ሩቅ መሆኑ ነው። ዝናቡ ገና ሳይደርስ ከሆዱ ቀዝቃዛ አየር ዱብ ይላል፤ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይሮጣል። እናንተ አናት ላይ ፀሐይ ናት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንዲት ጠብታ አልነካችሁም። የሚታየው ከሩቅ መሬት ለመሬት የሚንከባለል የአቧራ መስመር ብቻ ነው። እሱን አየር ላይ ሆናችሁ ካያችሁት ደግሞ መሽቶባችኋል።

«ጋሼ፣ ያ ደመና ዛሬ ሰው ይጥላል፤ ይቅርብዎት» አልኩ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብዬ።

ጮኹብኝ። «አፍሽን ዝጊ!» «ክፉ አታውሪ!» «በፈጠረሽ ዝም በይ!» ጋሼ ወደ ሰዉ አዩ፣ ወደ ደመናው አዩ፣ ሳቁ፣ የሄልሜታቸውን ማሰሪያ አጠበቁ፣ ሄዱ። ሊያርፉ ሲመለሱ የአቧራው መስመር ከእሳቸው እኩል መንደርደሪያው ላይ ደረሰ። አንዱ ክንፍ ተነሳ፤ ከዛፍ ጫፍ ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ተገለበጠች። ሌላ የምጨምረው ዝርዝር የለኝም።

ለቅሶ ቤት ስገባ ባለቤታቸው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። የክለቡን ሻይ ቤት የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። በሰው ሁሉ ፊት ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው! አፍሽ ነው! በሰው ፊት ባትናገሪ ኖሮ እኮ ይቀር ነበር። የሴት ሟርት ፈርቶ ቀረ እንዳይባል ነው የሄደው!»

ለቅሶ ቤት ነውና ዝም አልኩ። ግን አልተቀበልኩም፤ ዛሬም አልቀበልም። ደመናውን እኔ አልሠራሁትም። ይሁን እንጂ ከንግግራቸው አንድ ነገር ውስጤ ቀረ፣ ልክ እንደሆነም ገባኝ፦ በሰው ፊት «ተው» የተባለ አብራሪ አይተውም። እልህ ይይዘዋል። ቃል ለእኛ ሰዎች አይሠራም ማለት ነው። እሺ፣ አልኩ ለራሴ። ቃል ካልሠራ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።

ከጋሼ ወዲያ ክለቡ ከሳ። አዲስ ተማሪ ጠፋ፣ አባላትም አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። የጋሼን ቦታ የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ በአንድ ቤት የምንኖር ሁለታችን ብቻ ነን፤ ያለኝ እሱ ነው፣ ያለችውም እኔ ነኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን ስለሆነ ላባ ነው የምንለው። ላባ ክለቡን አድናለሁ ብሎ ተነሳ፤ ሊቀመንበሩም ደገፈው። ሊቀመንበራችን የጥርስ ሐኪም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ዕድሜውን ሙሉ አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር ሲያወራ ስለኖረ፣ የሚመልስለት ሰው ሲያጋጥመው ግራ ይገባዋል።

ሁለቱ ተማክረው አንድ ቅዳሜ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ወሰኑ። ከጋዜጣ አንድ ፎቶ አንሺ ተጋበዘ። ላባ ከኋላው አስቀምጦ ያበረዋል፣ ሰውየው ከተማውን ከላይ ያነሳል፣ ፎቶው ይወጣል፣ ሰው ፍርሃቱን ይረሳል። የታሰበው ይህ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋቱ ግሩም ነበር፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ጠዋት ቢበሩ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። ግን ንግግር ነበረ፣ ከዚያ ምሳ ነበረ፣ ከምሳ ወዲያ ደግሞ ሌላ ንግግር። ዶክተሩ ሊቀመንበራችን ማይክ ከጨበጠ መልቀቁን አያውቅበትም። ንግግሩ ሲያልቅ መሬቱ ግሏል፣ ከኮረብታው ጀርባ ደግሞ ያ ነገር ተነስቷል።

እኔ የቢጫዋን የክንፍ ሽቦዎች አንድ በአንድ በእጄ እየጎተትኩ እፈትሻለሁ። ላባ አጠገቤ ቆሞ ጓንቱን ያጠልቃል።

«እታለም፣ ዛሬ አደራሽን። አፍሽን።»

«ምን ተናገርኩ?»

«አልተናገርሽም። ዓይንሽ ግን ሲያወራ ይሰማኛል።»

«አንተስ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ሩቅ ነው። አንድ ዙር ዞረን ሳይደርስ እንመለሳለን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ካልበረርኩ ክለቡ አለቀለት፤ ይገባሻል?»

ሄድኩና ዶክተሩን ለብቻው ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰድኩት።

«ዶክተር፣ ወደዚያ አንዴ ይዩ።»

አላየም። ባያይም ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። «ደስ የሚል ቀን ነው» አለኝ።

«ዶክተር!»

«ጋዜጠኛው ይሰማል፣ ልጄ። የዛሬን ብቻ ተይን።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ደሜ ፈላ። መጮህ አማረኝ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መንደርደሪያው ዳር የቆመውን ሕዝብ አየሁ፣ ማሰሪያውን እያጠበቀ ያለውን ወንድሜን አየሁ፣ ጋሼ ሳቅ ብለው ማሰሪያቸውን ያጠበቁበት ቀን ትዝ አለኝ። ብናገር ይሄዳል። እንዲያውም ያን ጊዜ በእርግጥ ይሄዳል። ጥርሴን ነክሼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

መኪናዬ ግራጫ አሮጌ ፒክአፕ ናት፤ የቤንዚን በርሜል የማመላልስባት። አስነሳኋት። ቢጫዋ መንደርደሪያው መነሻ ላይ ቆማለች፣ ፎቶ አንሺው ከኋላ ታስሮ ተቀምጧል፣ ሞተሩ እየሞቀ ነው። ከጀርባዋ የሽቦ አጥር፣ ግራና ቀኟ የውሃ መውረጃ ቦይ። መውጫዋ ፊቷ ብቻ ነው። እኔም ፊቷ ላይ ነድቼ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሜ፣ አቆምኩ።

ወረድኩ። ከኪሴ መፍቻ አውጥቼ የአራቱንም ጎማ ቫልቭ ፈታሁ። ፒክአፗ ዝቅ ዝቅ እያለች ባዶ ቸርኬዋ ላይ ተቀመጠች። ቫልቮቹን ኪሴ ከተትኩ።

ላባ ሞተሩን አጠፋ። ከወንበሩ ዘሎ ሲወርድ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አልመለስኩም።

«እታለም! አብደሻል? አንሺያት!»

ዝም።

«ተናገሪ እንጂ! ምላስሽን ዋጥሽው?»

አንዲት ቃል አልወጣኝም። ግግም ብዬ ቆምኩ። ሟርተኛ ተናገረች የሚል ሰው ካለ ይምጣ! የዚያን ቀን እዚያ ሜዳ ላይ የተነፈሱት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። ፎቶ አንሺው ከታሰረበት ሆኖ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሜን ያያል፤ ምስኪን፣ የቤተሰብ ጠብ ውስጥ መግባቱ ገብቶታል።

ዶክተሩ ማይኩን እንደያዘ እየሮጠ ደረሰ። ማይኩ አልጠፋም ኖሮ «ይህቺ ሴትዮ ልታጠፋን ነው!» ያለው በድምፅ ማጉያው ሜዳውን አዳረሰ። ሕዝቡ ሳቀ። አጠፋውና ወደ ሣር ማጨጃው ትራክተር ነጂ ጮኸ። «ጎትተህ ቦዩ ውስጥ ጨምራት!»

ትራክተሩ ተነሳ። እኔ መኪናዬን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ግን አውቄዋለሁ፣ እኔን ሁለት ሰው ይዞ ገለል ያደርገኛል፣ ከዚያ ሰንሰለት ያስሩባታል፣ በቃ። ደመናው አሁን ኮረብታውን ሙሉ ሸፍኖታል።

ያን ጊዜ ሻይ ቤቱ በር ላይ የነበሩት እትዬ መጡ። ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ የሳህን መጥረጊያ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ በሕዝቡ መሃል አለፉ። ከለቅሶው ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም፤ ሻይ እንኳ የምጠጣው ሌላ ሰው ልኬ ነው። ሊጨርሱኝ መጡ ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። የፒክአፗን በር ከፈቱ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ በሩን ዘጉ።

ትራክተሩ ቆመ። ዶክተሩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ እባክዎን ይውረዱ።»

«ጎትቱ» አሉት። «ከእነ ነፍሴ ጎትቱኝ።»

የጋሼን ሚስት ቦይ ውስጥ የሚጎትት ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። ዶክተሩ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። ላባ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወረወረና ጀርባውን ሰጠን። እኔ ዞሬ በሌላው በር ገባሁና መሪው ኋላ ተቀመጥኩ።

ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ተቀመጥን። መኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉኝ።

«ይቅርታም አልጠየቅኩም፣ እትዬ።»

«ጥጋብሽ!»

«እንዲያ ይበሉኝ።»

ጨርቁን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጣጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጣጠፉ። «ያን ቀን እኔም አይቼው ነበር» አሉ። «እዚያ በር ላይ ቆሜ። ከአንቺ በፊት ነው ያየሁት። ሲያልፍ ደህና ግባ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?»

እጃቸውን ልይዝ አሰብኩና ተውኩት፤ ይመነጭቁኝ ነበር።

«ዛሬ ያንቺን ለቅሶ መድረስ አልፈለግኩም» ቀጠሉ። «አልወድሽም። ከማልወደው ሰው ጋር ማልቀስ ይከብደኛል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግን አልወረዱም።

ጠበቅን። ሜዳው ሁሉ ጠበቀ። ማንም ስለ ደመናው አልተነፈሰም፣ ሁሉም ግን አንገቱን አንጋጦ ነበር። መጀመሪያ የነፋስ ማሳያው ከረጢት ላላ አለ። ከዚያ ዞረና ተነሳ። አንድ የወረቀት ኩባያ በሣሩ ላይ ተንከባለለ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ጨርቅ አንዴ ተርገበገበ፣ የቢጫዋ ክንፍ ጫፍ ትንሽ ወዝወዝ አለ። አሁን ነው ብዬ መሪውን ጨበጥኩ።

አልመጣም።

ከረጢቱ ተመልሶ ወደቀ። ኩባያው ቆመ። ስናይ ደመናው ከወገቡ ቀጠነ፣ አናቱ ተበታተነ፣ ኮረብታው ላይ ፀሐይ ወጣች። ያ ሁሉ ተራራ ጭጋግ ሆኖ ቀረ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ከሰዓት አይቼ አላውቅም፤ አየሩ እንደ ጠዋቱ ጸጥ ብሎ፣ ብርሃኑ ለስለስ ብሎ። ሕፃን ልጅ ማብረር ይቻል ነበር።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም።

«ሟርተኛ፣ ነፋሱ መንገድ ጠፋው እንዴ?»

«ደውይለት፣ ቀጠሮውን ረስቶት እንዳይሆን!»

«ጎማሽን ንፊና ነፋስ አስመጪልን!»

እትዬ ከመኪናው ወረዱ፣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ፣ ወደ ሻይ ቤታቸው ሄዱ። አንዱ ቀልደኛ መንገዳቸው ላይ ቆሞ ሊያሾፍ አፉን ከፈተ፤ ቀና ብለው ሲያዩት ዘጋው። ፎቶ አንሺው ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ሲወጣ ቸርኬዋ ላይ የተቀመጠችውን ፒክአፕ አንድ ፎቶ አነሳት። ዶክተሩ መጥቶ ፊቴ ቆመና እጁን ዘረጋ።

«ከዛሬ ጀምሮ ታግደሻል። የመጋዘኑን ቁልፍ አምጪ።»

ሰጠሁት።

«አሳፈርሽን። ምንም አልነበረም እኮ! ምንም!»

«አዎ» አልኩ። መኪናዬን ቢጫዋ ፊት ካቆምኩ ወዲህ ለክለቡ አባላት የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ነው። «ደስ አይልም፣ ዶክተር?»

ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ሄደ። የእግር ፓምፔን አወጣሁና ቫልቮቼን መልሼ ጎማዬን እነፋ ጀመር። አራት ጎማ በእግር ፓምፕ መንፋት እንዴት እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። ሰው ዙሪያዬን ቆሞ እየሳቀ አየኝ። ይሳቅ! በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ማንንም ሳይቀብር፣ እስኪበቃው ይሳቅ። አንገቴን አልደፋሁም፣ አልቸኮልኩምም። ሲደክመኝ ቀና ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው።

ቤት ገብቼ መኮሮኒ ጥጄ ሳለሁ ላባ መጣ። ገና ብርሃን ነበር። ሄልሜቱን ሶፋው ላይ ወርውሮ ማብሰያ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ዳግመኛ አላደርገውም በይኝ።»

«አደርገዋለሁ።»

«ደመናው ፈረሰ እኮ! አይተሽ የለ? ብበር ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር!»

«ልክ ነህ። ምንም አትሆንም ነበር።»

ልክ ነህ ማለቴ የባሰ አናደደው። «ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«በሚመጣውም ቅዳሜ እንዲህ ያለ ደመና ከተነሳ፣ መኪናዬን እዚያው ነው የምታገኛት።»

«ታግደሻል! በሩን አይከፍቱልሽም!»

«በእግሬ እገባና እተኛበታለሁ።»

«ክለቡን ገደልሽው! ሥራዬን ገደልሽው! የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ!» ቁም ሳጥኑን በእርግጫ መታው። «አንቺ ደረቅ! አንቺ በቅሎ! እናታችን ብትኖር ምን ትልሽ ነበር?»

«ጮክ በል» አልኩት። «አልሰማሁህም።»

ጮኸ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሮ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ምራቁን እየረጨ። እኔ መኮሮኒውን አጠለልኩ፣ ቲማቲሙን አፈሰስኩበት፣ አንድ ሳህን ሞልቼ ዘረጋሁለት። ሳህኑን ከእጄ ነጠቀኝ። ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ አፉ ሞልቶ እየሰደበኝ በላ። ስድቡ ሲያልቅበት ከመጀመሪያው ጀመረ፤ እኔም መኮሮኒውን ደግሜ ጨመርኩለት።